መርሳና ወንዟ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ እንናገራለን። ከዚህ በፊት በዚህ አዳራሽ ስለ አክሱም፣ ስለ ላሊበላና ስለ ጎንደር ብዙ ተነግሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። መርሳ ግን ቤተ መንግሥት አልተሠራባትም፤ ሐውልትም አልቆመባትም። ከወልድያ ወደ ደሴ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ አይቷታል፤ ምናልባትም በመስኮት ማንጎ ገዝቶ ሳይወርድ አልፏታል። እኛ ይህን ንግግር ያዘጋጀነው የሀብሩ ልጆች ግን ለእንዲህ ዓይነቷ ከተማም ታሪክና ጂኦግራፊ አላት ብለን እናምናለን። ይኸውም ዛሬ ካልተጻፈ ነገ የሚጠፋ ስለ ሆነ ጊዜያችሁን ልንወስድ ደፈርን።

መርሳ በሰሜን ወሎ ዞን የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባም ወደ 490 ኪሎ ሜትር ርቃ በዋናው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ በትምህርት ቤት አከፋፈል ወይና ደጋ ትባላለች፤ የግንቦት ፀሐይዋን የቀመሰ ሰው ግን ቆላ ናት ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ወረዳው በምዕራብ ጉባላፍቶን፣ በምሥራቅ የአፋርን ምድር፣ በደቡብ የሚሌን ወንዝ ይዋሰናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪው ከ190 ሺህ በላይ ነበር፤ ከዚህም የሚበዛው ገበሬ ነው።

የአገሩን አቀማመጥ ለመረዳት ከመርሳ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ መመልከት ይበቃል። የጉባላፍቶ ደጋ ከ3000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በስተ ምሥራቅ ደግሞ ዝቅ ያሉ ኮረብቶች አሉ፤ ከእነርሱ ወዲያ አፋር ነው። በመካከሉ ያለው ሜዳ የተፈጠረው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ሲከፈት ምድር ባንድ ጊዜ ሳይሆን በእርከን በእርከን እየተሰበረች ስለ ወረደች መሆኑን የመሬት ጥናት ምሁራን ያስረዳሉ። የቆቦ ሜዳ፣ የመርሳና የጊራና ሜዳ፣ ወደ ደቡብም ሲወርዱ የቦርከና ሸለቆ የዚሁ ስብራት ልጆች ናቸው። ወንዞቹ ከደጋው አፈር ጠርገው እያመጡ እነዚህን ጎድጓዶች ሞሉአቸው። ስለዚህ የሀብሩ ሜዳ ለም የሆነው የደጋው ገበሬ ማሳው ስለ ተራቆተበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአንዱ ኪሣራ የሌላው ሲሳይ ሆነ ማለት ነው፤ ለዚህም ነው የደጋውን የእርከን ሥራ የቆላው ሰው «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ሊለው የማይገባው።

ከዚህ ሸንተረር ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ባሕር አይደርስም። ሚሌ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ራሱ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። አባይን እያነሣን ስንዘፍን ስላደግን ይህን ስንሰማ አንዳንዶቻችን ቅር ይለናል። ነገር ግን ወንዝ ባሕር አልደረሰም ማለት አልጠቀመም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ወንዟ እንመለስ። የመርሳ ወንዝ በበጋ ሲታይ ወንዝ አይመስልም። ሰፊ የድንጋይ ሜዳ ነው፤ በመካከሉ ቀጭን ውሃ ይሄዳል፤ እናቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ ከብቱም ይጠጣል። እንግዳ ሰው «ይህን ለሚያህል ውሃ ይህን የሚያህል ድልድይ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚያገኘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ድንጋዩን እያንከባለለ ይመጣል። ድምፁ ከውሃው ይቀድማል። የወንዝ ዳር ልጆች ማንም ሳያስተምረን የምናውቀው ትምህርት ይህ ነው፤ ወደ ምዕራብ ጠቁሮ ከታየ ከወንዙ ውስጥ ውጣ።

ይኸው ወንዝ ግን አጥፊ ብቻ አይደለም። ገበሬው ከላይ ከአንገቱ ላይ በድንጋይና በቅጠል ጠልፎ፣ በቦይ እየመራ ማሳውን ያጠጣል። በጊራናና በውርጌሳ በኩልም እንዲሁ ነው። በዚህ ውሃ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ሽንኩርትና ሸንኮራ አገዳ ይበቅላል፤ ጤፉና ማሽላው በአብዛኛው ዝናብን ይጠብቃል። እንግዲህ ውሃው ጥቂት፣ ጠጪው ብዙ ሲሆን ማን ይዳኝ? የውሃ አባት የሚባል ሰው ይመረጣል። እርሱ ተራውን ይይዛል፤ ከላይ ያለው ስንት ሰዓት፣ ከታች ያለው በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ ይወስናል፤ ቦይ ሲደረመስ ማን ማን ወጥቶ እንዲጠርግ ያዝዛል፤ ተራ የሰረቀውንም ያስቀጣል። ደመወዝ የለውም፤ ማኅተምም የለውም። በዕረፍት ወቅት ያነጋገርናቸው አንድ የውሃ አባት ስንት ሰው በተራው ውስጥ እንዳለ ስንጠይቃቸው ወረቀት አላወጡም። ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይኛው ማሳ ጀምረው እስከ ታችኛው ድረስ የባለቤቱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ማሳው ከማን ለማን እንደ ተላለፈ ቆጠሩልን። «ይህ ሁሉ የት ተጽፏል፣ ጋሼ?» ብንላቸው ግንባራቸውን በጣታቸው ነክተው አሳዩን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በእኛ አስተያየት የሀብሩ መዝገብ ቤት ይህ ነው።

ስለ ዝናቡም ጥቂት መጨመር ይገባል። አገሩ በልግና ክረምት አለው። ብዙ ጊዜ ወስዶ የሚደርሰው ማሽላ በሚያዝያ መዘራት ስላለበት የበልጉ ዝናብ ሲቀር ገበሬው አንድ ወቅት ብቻ ሳይሆን ዋናውን እህሉን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ቶሎ በሚደርስ ዘር ወይም በጤፍ ዕድሉን ይሞክራል። በዚህ ጉዳይ ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲሄዱ በሀብሩ ውስጥ የሚገኘው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል የሠራው ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዘሮች አውጥቷል፤ ከነዚህም አንዱን ጊራና አንድ ብሎ ሰይሞታል። ሌሎች አገሮች ስማቸውን ለጎዳና ሲሰጡ የእኛ ሰፈር ስሙን ለማሽላ መስጠቱ ደስ ያሰኘናል።

ወደ ታሪኩ እንግባ። ይህ ምድር በጥንቱ ዘመን አንጎት ከተባለው አገር ጋር የሚነካካ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬስ በአንጎት ማለፉን ጽፏል። ኋላም የየጁ አገር ተባለ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከዚሁ የወጡት የየጁ መሳፍንት፣ ከታላቁ ራስ ዐሊ ጀምሮ እስከ ዳግማዊ ራስ ዐሊ ድረስ፣ ጎንደር ላይ ነገሥታትን እንደ ፈለጉ ሲሾሙና ሲሽሩ ኖሩ። ይህም በሰኔ 1845 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በአይሻል ድል እስኪያደርጋቸው ድረስ ቆየ። ከእነዚህ መሳፍንት አንዱ ራስ ጉግሣ መርሳ ነበሩ። በዚህ ምክንያት የከተማችን ስም ከጉግሣ አባት ከመርሳ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን እኛ ይህን ለመቀበል አንቸኩልም። በዐረብኛ መርሳ ማለት ወደብ መሆኑን ጠቅሰው የሚከራከሩም አሉ፤ መርከብ የምታይ ከተማ ብትሆን ኖሮ እናምናቸው ነበር።

የየጁ ታሪክ የመሳፍንት ብቻ ተደርጎ መነገሩ ግን ያሳዝናል። እቴጌ ጣይቱ በአባታቸው የየጁ ዘር ናቸው፤ ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል የየጁ ገዥ ነበሩ፤ የወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ሞቱ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ብዙ ጣጣ ያመጣው ውል የተፈረመውም ከእኛ በስተ ደቡብ አጠገባችን ባለችው በውጫሌ ነው። ይህን ሁሉ የታሪክ መጽሐፍ ይነግረናል። በዚሁ በየጁ ምድር ዳና የምትባለው የእስልምና ትምህርት ቦታ በ19ኛው መቶ ዓመት ከሩቅ አገር ደረሶችን ትሰበስብ እንደ ነበር ግን ስንቶቻችን ተምረናል? ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ስለ ወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ ይህን አገር በሰፊው ባያነሡት ኖሮ ለአብዛኞቻችን ተረት ሆኖ በቀረ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የየጁ ገበሬዎች መነሣታቸውንም እንዲሁ ከትምህርት ቤት አልሰማነውም።

ከተማዋን የዛሬዋን መልክ የሰጣት መንገዱ ነው። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩባቸው ዓመቶች ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚሄደውን መንገድ ለጦራቸው ሲሉ በተራራው ግርጌ አሳለፉት። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘረጋች፤ ሱቁም፣ ሻይ ቤቱም፣ መናኸሪያውም ፊቱን ወደ መኪና አዞረ፣ ጀርባውንም ለወንዙ ሰጠ።

ይኸው መንገድ በ1965 ዓ.ም. ሌላ ነገር አየ። በልጉም ክረምቱም ሲከዳ የቆላው የወሎ ሕዝብ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ። መንግሥት ነገሩን ሸሸገው። በዚያን ጊዜ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ አምጥተው ለተማሪው አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ለዓለም አሳየ፤ ይኸው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሊወርዱ ሲሉ በዋዜማው ለአገሩ ሕዝብ ታየ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረኃብ መጋለጥ የጻፉትን መጽሐፍ አንብቡ። እኛ ከዚህ የምንወስደው ነገር ዝናብ መቅረቱ ብቻውን ሰው እንደማይገድል ነው። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውንም ወላጆቻችን ያስታውሱታልና አናረዝመውም።

ስለ ቅርቡ ዘመን በአጭሩ። በ2007 ዓ.ም. ከአዋሽ እስከ ሐራ ገበያ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የባቡር ሐዲድ መሥራት ሲጀመር፣ ብዙ ተስፋ አድርገን ነበር። ሐዲዱ ሐራ ሳይደርስ ጦርነት ደረሰ። ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆዩ። ሰው ሞተ፤ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱና ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፤ የባቡሩም ሥራ ዕቃ እንዲሁ ሆነ። ስለ ሙታኑ በሌላ ስብሰባ እንናገራለን። ዛሬ የምናነሣው በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው መዝገብ ነው። ተቃጠለ፤ ተቀደደ፤ ለዕቃ መጠቅለያም ሆነ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ውጊያ ደግሞ በየጊዜው መንገዱን እየዘጋ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ መሄዱን ራሱ አስቸጋሪ አደረገው።

እንግዲህ ወረቀቱ ሲጠፋ የቀረው በግንባር ውስጥ ያለው ነው። የውሃ አባቶቹም እያረጁ ነው። ከተማዋ ትሰፋለች፤ በውሃ የሚለማው ማሳ በቦታ ቦታ እየተሸነሸነ ቤት ይሠራበታል፤ ከወንዙ አሸዋ ይጫናል፤ ደረቅ ነው ተብሎም በወንዙ ሜዳ ጫፍ አጥር ይታጠራል። ይህን አጥር የሚያጥረው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ወንዙ በየትኛው ዓመት እስከ የት ድረስ እንደ መጣ የነገረው ስለሌለ ነው። ያን የሚያውቁት ሽማግሌ ደግሞ ማንም ስላልጠየቃቸው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለተማሪ ምኑ ነው?» ብለውናል። በ1956 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ በገጠር እንዲያገለግሉ ተደርገው ነበር። እኛ የምንጠይቀው አንድ ዓመት አይደለም፤ ከክረምት ዕረፍት ላይ አራት ቀን ነው።

ከመርሳ፣ ከጊራና፣ ከውርጌሳ፣ ከሲሪንቃና ከሐራ የመጣችሁ ሁሉ ወደ ቤት ስትሄዱ አንድ የውሃ አባት ወይም አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ፈልጋችሁ እንድትጠይቁ እንለምናለን። እናቶችን ማለታችን በስሕተት አይደለም፤ ውሃ የቀዱት እነርሱ ናቸውና ምንጩ መቼ እንደ ደረቀ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። የቦዩን ስም፣ የተራውን ሥርዓት፣ ደራሽ የወሰደውን ማሳና ዓመቱን፣ ወንዙ ድሮ ይሄድበት የነበረውን ቦታ ጻፉ። ዓመቱን በቁጥር ካላስታወሱ በምን እንደሚያስታውሱት ጻፉ፤ «በዚያ በረኃቡ ማግሥት» ካሉ እንዲሁ ይጻፍ። የሰው ስም ሲጻፍ በፈቃድ ይሁን፤ የመሬት ክርክር ያለበትን ማሳ ግን አትንኩ፤ እኛ ዳኞች አይደለንም። አካባቢው ሰላም ካልሆነ ማንም እንዳይሄድ አደራ እንላለን፤ ጥያቄው በስልክም ይቻላል።

የጥያቄው ቅጽ በስቴንስል ተባዝቶ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። ሁለት ገጽ ነው። የሚመለሰው እስከ መስከረም መጨረሻ ሲሆን፣ አንዱ ቅጂ እዚሁ ይቀራል፤ ሌላው ለመርሳ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ቤት ይሰጣል።