የልጅ አፍ ሲነጣ
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ክፍል ሰዎች እዚህ ፊታችሁ የምንቆመው ስለ ቁጠባና ስለ ብድር አመላለስ ለመናገር ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለ አፍ ፈንገስ ነው። ያላዋቂ ሳሚ እንዳትሉን፣ ነገሩ የጀመረው ከራሳችን መዝገብ ነው።

ባለፈው ዓመት ከድንገተኛ ችግር ማስታገሻው ሣጥን ለአንዲት አባላችን 600 ብር አበደርን። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለሕፃን ሕክምና» ብለን ጻፍን። ከአምስት ቀን በኋላ ለዚያችው እናት ሌላ 4,500 ብር ወጣ፤ ምክንያቱ አሁንም «ለሕፃን ሕክምና» ነው። በሁለቱም ላይ ፊርማችን አለ፣ ሂሳቡም አልተዛነፈም። የመጀመሪያው 600 ብር ወዴት እንደሚሄድ ግን አልጠየቅንም። በሣጥኑ ውስጥ የደጋፊዎቻችንም ገንዘብ ስላለበት ይህን እናንተም ማወቅ ይገባችኋል።

ልጁ የሁለት ወር ሕፃን ነበር። ጡት ይይዝና ወዲያው ለቆ ያለቅሳል። አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ይታያል። አንዷ ጎረቤት መጥታ «እንጥሉ ወርዷል» አለች፤ ሌላዋ «ኧረ ግግ ነው፣ ቶሎ ካልወጣለት ይገድለዋል» አለች። እናትየዋ ደነገጠች፣ ወደ እኛ ሮጠች፣ እኛም ሰጠናት። እንጥሉ ተቆረጠ። ደሙ አልቆም አለ፣ ትኩሳትም ተጨመረበትና ሆስፒታል ተኛ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል፤ ዛሬ ድክ ድክ ይላል። እናቱም ስሟን ሳንጠራ እንድንናገረው ፈቅዳልናለች። ሆስፒታል ሲገባ ነርሷ አፉን ከፍታ ስታይ ነጩ ነገር እንዳለ ነበር። እንጥሉ ሄደ እንጂ ሕመሙን የነካው አልነበረም። የአፍ ፈንገስ ነበር፤ በጠብታ የሚድን።

ፈንገሱ ካንዲዳ ይባላል። የእርሾ ወገን ነው። በብዙዎቻችን አፍና አንጀት ውስጥ ሳይጎዳን ይኖራል። የሰውነት መከላከያ ሲላላ ወይም አንቲባዮቲክ ሌሎቹን ጀርሞች ሲቀንስለት ግን ሊጥ እንዳገኘ እርሾ ይበዛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ሕፃን መከላከያው ገና ስላልጠነከረ በቀላሉ ይይዘዋል። ሲወለድ ከእናቱ ማሕፀን በርም ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ «ንጽሕና ስለማትጠብቅ ነው» እየተባለ እናት መወቀሷ ትክክል አይደለም።

ነጭ የሆነ ሁሉ ግን ፈንገስ አይደለም። ምላስ ላይ ብቻ ስስ ሆኖ የሚታየው ብዙ ጊዜ የወተት ቅሪት ነው፤ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ሲነካ ይለቃል። ፈንገሱ ጉንጭ ውስጥ፣ ድድና ላንቃ ላይም እንደ አይብ ፍርፋሪ ይጣበቃል። በግድ ቢፋቅ ሥሩ ይቀላል፣ ሊደማም ይችላል። ስለዚህ አትፋቁት። ማርም አትቀቡት። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጨርሶ አይሰጥም፤ አንዳንዴ በውስጡ የሚገኝ ጀርም ሰውነትን የሚያዝል ከባድ መመረዝ ያመጣል።

ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኒስታቲን የሚባል ጠብታ ነው። ጠርሙሱ በደንብ ይናጣል፤ ልጁ ከጠባ በኋላ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ግማሹ በአንዱ ጉንጭ ግማሹ በሌላው ይደረጋል። ከጠባ በኋላ የሚሆነው መድኃኒቱ አፉ ውስጥ እንዲቆይ ነው፤ ወዲያው ጡት ከተሰጠው ወተቱ ያጥበዋል። ነጩ ከጠፋም በኋላ ቢያንስ ለሁለት ቀን ይቀጥላል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አፉ ጠራ ብለን እናቆማለን፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። እናቶቻችን የሚያውቁት ሐምራዊው ጂቪም በአንዳንድ ቦታ ይሰጣል፤ ለአፍ የሚሆነው ግን ቀጥኖ የተዘጋጀው ነው፣ ለቆዳ የገዛነውን ማድረግ ያቆስላል።

እናትም አብራ ትታይ። ጡቷ ጫፉ ከቀላ፣ ካብለጨለጨ፣ ልጁ ከጠባ በኋላም የሚያቃጥል ሕመም ካለው ፈንገሱ እርሷም ጋ ሊኖር ይችላል። ልጁ ብቻ ከታከመ ይቀባበሉታል። ማጥባት አይቋረጥም። የጡጦ ጫፍ ካለ በየቀኑ ይቀቀል። ሕፃኑ ጨርሶ መጥባት ካቃተው፣ ካተኮሰው ወይም ከፈዘዘ ጠብታ ፍለጋ አትዙሩ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ስለ ኒስታቲን አንድ ነገር እንጨምር፤ ሂሳብ ሠራተኞች ነንና አላስችል አለን። መድኃኒቱን ያገኙት ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያት ናቸው። አንዷ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሌላዋ ኦልባኒ ሆነው የአፈር ናሙናና ውጤት በፖስታ ይላላኩ ነበር። ግኝታቸውን ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ ስሙም ከሚሠሩበት ከኒው ዮርክ ስቴት የወጣ ነው። ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን የመብት ክፍያ ለራሳቸው ሳይወስዱ ለሳይንስ ምርምር ሰጡት። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢይዙ የማይወዱ ሂሳብ ሠራተኞች አይኖሩም።

ወደ አዋቂዎች እንመለስ። አዋቂ ሰው አፉ ሲነጣ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን «ለምን መጣብኝ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ፓፍ የምንለውን የአስም መድኃኒት፣ በተለይ በየቀኑ የሚወሰደውን እንደ ቤክሎሜታዞን ያለውን የምትጠቀሙ፣ ከነፋችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥምጣችሁ ትፉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላችሁ ማታ አውልቁት፣ እጠቡት። ከዚህ ውጭ ከሆነ ደግሞ ስኳርና ኤችአይቪ መመርመር ነው። በዚህ ጉዳይ እንደ ድሮው አንሾካሾክ። አፉ የነጣ ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም፤ የመከላከል አቅም መውረዱን ቀድሞ የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ግን ዝም አይባልም። ነፃው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም ከመጀመሩ በፊት ጎረቤት ያስታመሙ እናቶች እዚህ አሉ፤ ሰው ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው አይተዋል። ሲውጡ ደረት ላይ የሚያም ከሆነ ፈንገሱ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጠብታው አይበቃም፣ ባለሙያ የሚያዘው እንደ ፍሉኮናዞል ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። እርጉዝ የሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የጎረቤቶቹን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ክፉ አስበው አልነበረም፤ እነርሱም በልጅነታቸው እንጥላቸውን ተቆርጠው ያደጉ ናቸው። ሆኖም የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 561 እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን ስም ጠርቶ፣ ሕፃን ከሞተበት እንደሚያስቀጣ ይናገራል። ልጅ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ያ 600 ብር ምን ተብሎ በመዝገባችን ይቀመጥ ነበር?

ከዚህ ወር ጀምሮ የብድር ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፤ «ሕፃኑ የት ይታከማል?» ይላል። ብድሩን ለመከልከል አይደለም። መልሱ ጤና ጣቢያ ካልሆነ ከኮሚቴው አንዳችን ከእናትየዋ ጋር ወደዚያው አብረን እንሄዳለን፤ ገንዘቡንም የምንሰጠው እዚያው ነው። ማታም ቢሆን ደውሉልን።

ከ4,500 ብሩ እስካሁን 1,900 ብር አልተመለሰም። ጥፋቱ የእኛም ስለሆነ ቀሪው ዕዳ እንዲሰረዝ የሂሳብ ክፍሉ ሐሳብ አቅርቧል። ከቡናው በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን።