ማጉያ ኃይል አይፈጥርም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ወርቅ ከተማ አንድ ሰው ስልክ አንሥቶ አዲስ አበባ ካለው ዘመዱ ጋር ሲነጋገር ቃሉ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ይደርሳል። ይኸው ሰው በጉሮሮው ብርታት ቢጣራ ግን ድምፁ ከማዶ መንደር አያልፍም። ታዲያ ንግግሩን ይህን ያህል መንገድ ያስኬደው ኃይል ከወዴት ተገኘ? የዚህ ንግግር ዓላማ ጥያቄውን ከሥር መሠረቱ መመርመርና መልሱ ለጥገና ሠራተኛው የሚሰጠውን ትምህርት ማሳየት ነው።

የመጀመሪያው ተግባር ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ጅረት መለወጥ ነው። በቀድሞው ስልክ መናገሪያ ውስጥ ከአንድ ቀጭን ሽፋን በስተኋላ የከሰል ፍርፋሪ ይገኝ ነበር። ድምፅ ሽፋኑን ሲገፋው ፍርፋሪው ይጠጋጋል፤ ሬዚስታንሱም ይቀንሳል። በኦም ሕግ መሠረት ቮልቱ ሳይለወጥ ሬዚስታንስ ሲቀንስ ጅረቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲላላም መልሶ ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት ጅረቱ የድምፁን መልክ ይዞ ይጓዛል። እዚህ ላይ መስተዋል ያለበት፣ ጅረቱን የሚሰጠው ባትሪው እንጂ ተናጋሪው አለመሆኑ ነው። ተናጋሪው ጅረቱን ያዝዛል እንጂ አያመነጭም።

ሽቦ በበኩሉ ከሚሸከመው ኃይል ከፊሉን በሙቀት ያባክናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በሐረርና በአዲስ አበባ መካከል 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር ሲዘረጋ የኤሌክትሮኒክስ ማጉያ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። ድምፅ በመንገድ ያጣውን ኃይል የሚተካለት መሣሪያ አልነበረም ማለት ነው።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች ዋነኛው ትራንዚስተር ነው። ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራታይን በታኅሣሥ 1940 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠርተው አሳዩ። ትራንዚስተር ኤሚተር፣ ቤዝና ኮሌክተር የተባሉ ሦስት እግሮች አሉት። በቤዙ የሚገባ የ0.1 ሚሊ አምፔር ጅረት በኮሌክተሩ 10 ሚሊ አምፔር እንዲያልፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህም የመቶ እጥፍ ማጉላት ነው።

የውኃ ወፍጮን ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ባለወፍጮው በቦዩ አፍ ያለውን ሳንቃ በአንድ እጁ ከፍና ዝቅ ቢያደርግ ከባዱ ድንጋይ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ድንጋዩን የሚያዞረው ግን ወንዙ ነው እንጂ የባለወፍጮው ክንድ አይደለም። ወንዙ በደረቀ ጊዜ ሳንቃውን ማንሣት ዋጋ የለውም። ማጉያም እንዲሁ ነው፤ ኃይል አይፈጥርም፤ ከኃይል ምንጩ ተበድሮ በደካማው ምልክት ትእዛዝ ያሳልፋል። ዛሬ በኮረብታ ላይ የቆመው የሞባይል ማማ ከዚህ ሕግ አይወጣም።

የቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያ ወንዙ የባትሪው ክፍል ነው። በተለመደው አሠራር 24 ባለ 2 ቮልት የሊድ አሲድ ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው 48 ቮልት ይሰጣሉ። ፖዘቲቩ ከመሬት ጋር የሚታሰረው በመሬት ውስጥ የተቀበረው መዳብ በዝገት እንዳይበላ ነው። 200 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 20 አምፔር ለሚፈልግ መሣሪያ በስሌት 10 ሰዓት ይበቃል። ነገር ግን እንደ ደብረ ወርቅ ባለ ደጋ የሌሊቱ ብርድም የሴሎቹ እርጅናም ከዚህ ይቀንሱለታል።

ስሕተት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። መብራት ሳለ ሬክቲፋየሩ ሴሎቹን እያንዳንዳቸው በ2.25 ቮልት ስለሚይዛቸው ቮልትሜትሩ 54 ያሳያል። ይህ ቁጥር የሬክቲፋየሩን እንጂ የባትሪውን ጤንነት አይመሰክርም። መብራት ጠፍቶ ጭነቱ በባትሪው ላይ ሲወድቅም ድምሩ ብቻውን ያታልላል፤ 23ቱ ሴሎች 2 ቮልት፣ አንዱ 0.5 ቮልት ቢሆኑ ድምሩ 46.5 ቮልት ነውና ደኅና ይመስላል። በተከታታይ መያያዝ ግን አንዱ ጅረት በሁሉም ውስጥ እንዲያልፍ ያስገድዳል፤ ስለዚህ የታመመው አንድ ሴል የጤነኞቹን ጉልበት ያሰናክላል። መፍትሔው ባትሪውን በጭነት ላይ አድርጎ እያንዳንዱን ሴል ለየብቻው መለካትና መመዝገብ ነው። በጭነት ላይ ሳለ ከጓደኞቹ ቀድሞ ወደ 1.8 ቮልት የሚወርድ ሴል ሳይውል ሳያድር ሊለወጥ ይገባዋል።

ካርድ አውጥቶ ካርድ መተካት ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን መሠረቱን ያልተረዳ ሠራተኛ ወንዙ ደርቆ ሳለ ወፍጮውን ሲፈታ ይውላል። ከደብረ ወርቅ ወጣ ባለ ቀበሌ በሌሊት ምጥ የጠናባት እናት ብትኖርና መብራት ቢጠፋ፣ አምቡላንስ የሚጠራላት ድምፅ መድረስ አለመድረሱ የሚወሰነው ከዚያች ሌሊት አስቀድሞ፣ ቮልትሜትር ይዞ ወደ ባትሪው ክፍል በገባ ባለሙያ ትጋት ነው።