ባለ 21 አኃዙ ቁጥርና ሁለቱ አካፋዮቹ



የዚህ ዲስኩር ባለታሪክ አንድ ቁጥር ነው፤ 147,573,952,589,676,412,927። 67 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ ይገኛል። ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ከሌለ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። መሆን አለመሆኑን ለመለየት ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1644 ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን በዚህ መንገድ ብቸኛ ቁጥር ያስገኛሉ ያላቸውን ርቢዎች፣ ማለትም የሚባዙትን ሁለቶች ብዛት፣ ዘርዝሮ አሳተመ። 67 ከእነዚያ አንዱ ነበር። ዝርዝሩ 61ን፣ 89ንና 107ን ዘሎ፣ የማይገባቸውን 67ንና 257ን አስገብቷል። በእጅ ስሌት ዘመን ይህን የሚያርም ሰው በቀላሉ አልተገኘም።

በ1876 የሒሳብ ሊቁ ኤዱዋር ሉካ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ። እጅግ የሚያስደንቀው አንድም አካፋይ ሳያገኝ ማረጋገጡ ነው! የሒሳብ ሊቁ ደሪክ ሌመር በኋላ ባቃለለው መልኩ የሉካ ፈተና ከ4 ይነሳል፤ የደረሰበትን ቁጥር በራሱ አባዝቶ 2 ይቀንሳል፤ ውጤቱን ለሚመረመረው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ይይዛል። ለዚህ ቁጥር ይህ 65 ጊዜ ይደገማል። መጨረሻ ላይ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። አካፋዮቹ እነማን እንደሆኑ ግን ፈተናው አይናገርም።

እነሱን ፈልጎ ያገኘው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው።

ፍለጋው በጭፍን አይካሄድም። ብቸኛ ቁጥር የሆነ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ፣ 1 ሲቀነስለት ለ134 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። እነዚህ ሕጎች አብዛኛውን ቁጥር ከወዲሁ ያስወግዳሉ። ቢሆንም ትንሹ አካፋይ ራሱ ከ134 ብዜቶች መካከል 1,445,580ኛው ላይ 1 ተደምሮበት የሚገኝ ነው።

በኦክቶበር 1903 ኮል በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር የኒው ዮርክ ስብሰባ ላይ ውጤቱን አቀረበ፤ 193,707,721 በ761,838,257,287 ሲባዛ ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊው ኤሪክ ቴምፕል ቤል እንደተረከው፣ ኮል ቃል ሳይተነፍስ 67ቱን ሁለቶች አባዝቶ 1 መቀነሱንም፣ ሁለቱን አካፋዮች ማባዛቱንም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ወደ መቀመጫው ሲመለስ አዳራሹ በጭብጨባ ተቀበለው።

ማባዛቱን ትዕግሥት ያለው ተማሪ ይፈጽመዋል፤ ውጤቱን ወደ አካፋዮቹ መልሶ መበተኑ ነው ከባዱ። በ1977 ተመራማሪዎቹ ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን የምሥጢር መልእክት መቆለፊያቸውን የመሠረቱት በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። በዚያው ዓመት ለፈተና የቀረበው ባለ 129 አኃዝ ቁጥራቸው በ1994 ተበተነ፤ ለዚህም በኢንተርኔት የተባበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን አሠርተዋል። ዛሬ ለዚሁ መቆለፊያ በሰፊው የሚያገለግሉት ቁጥሮች 617 አኃዝ ያህል ርዝመት አላቸው፤ በተራ ኮምፒውተር ፈጥኖ የሚበትናቸው ዘዴም እስካሁን ለሕዝብ አልተገለጠም።