የመርከብ መኝታ ክፍል ቁልፍ ካርድ
በመዝናኛ መርከብ ለሚጓዝ ሰው የሚሰጠው ካርድ፣ የመኝታ ክፍሉን በር ከመክፈቱም በላይ፣ መንገደኛው ሲወርድና ሲሳፈር ማንነቱ የሚረጋገጥበትና ለሚገዛው ሁሉ ሂሳቡ የሚመዘገብበት በመሆኑ፣ መጥፋቱ ከተራ ቁልፍ መጥፋት የከፋ ነው። ስለዚህም በብዙ መርከቦች የክፍሉ ቁጥር በካርዱ ላይ አይታተምም፤ ጠፋ ሲባልም አሮጌው ተሰርዞ አዲስ ይሰጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው የመንገደኞች መርከብ ደኅንነት ሕግ፣ ከሕጉ በኋላ ግንባታቸው በተጀመረ መርከቦች እያንዳንዱ ክፍል የደኅንነት መቀርቀሪያና በጊዜ የተገደበ ቁልፍ፣ ማለትም የተፈቀደለት ጊዜ ሲያልፍ በር መክፈት የሚያቆም ቁልፍ፣ እንዲኖረው ያዝዛል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሠራተኞች ቁልፍ ጉዳይ ነው፤ ጽዳትና ጥገና የሚሠራ ሰው የብዙ መንገደኞችን በር መክፈት ስለሚኖርበት፣ የትኞቹ ሠራተኞች በየትኛው ሰዓት ወደ ክፍሎች መግባት እንደሚችሉ የመርከቡ ባለቤት እንዲወስንና እንዲገድብ ያው ሕግ ማስገደዱ እጅግ ተገቢ ነው።