በየሳምንቱ ስለሚወጋው መርፌ



ምግብ አንጀት ሲደርስ ጂ.ኤል.ፒ.-1 የተባለው ሆርሞን ይመነጫል። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያነቃቃል፤ ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ለአንጎልም የጥጋብን ስሜት ያደርሳል። ይሁን እንጂ በሁለት ደቂቃ ያህል ግማሹ ይፈርሳልና እንዳለ ለመድኃኒትነት አይመችም።

መፍትሔው ከመርዘኛ እንሽላሊት መገኘቱ ዘወትር ያስደንቀኛል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኢንግ ጊላ ከተባለው እንሽላሊት መርዝ ሆርሞኑን የሚመስል፣ ግን ቶሎ የማይፈርስ ንጥረ ነገር ለየ። ከዚህ የተገኘው ኤክሴናታይድ በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ ተፈቀደ። በኋላ የመጣው ሴማግሉታይድ በሳምንት አንድ ጊዜ ይወጋል። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የስኳር በሽታ የሌለባቸው ወፍራም ሰዎች በ68 ሳምንት ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀነሱ።

መርፌውን ካቆሙ በኋላ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መርፌውን ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክለት ሕመምተኛ፣ መንገደኛው በዘገየ ቁጥር ሕክምናው ይቋረጣል። ከሳምንታት በኋላ በቀድሞው ከፍተኛ መጠን ቢቀጥል ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሊበረታበት ስለሚችል፣ ከዝቅተኛው መጠን እንደገና መጀመርን ማሰብ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያውን መርፌ ከማዘዛችን በፊት፣ «የሚቀጥለውን ከየት ያገኛሉ? በመንገድስ ቅዝቃዜው ይጠበቃል?» ብለን እንጠይቅ።