ካርቦን ዳይኦክሳይድን በውኃ ውስጥ ስለ ማሟሟት
ዕፀዋት ለሚበቅሉበት የመስታወት ገንዳ፣ በፓዌ ሙቀት



የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሰማውን ድምፅ የማያውቅ የለም። ድምፁ በግፊት ታፍኖ የቆየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ ሲላላለት ከውኃው እየተለየ የሚወጣበት ነው። የዛሬው ንግግር የዚህን ተቃራኒ ጉዞ ይመለከታል፤ ይኸውም ጋዙን ወደ ውኃ አስገብቶ እዚያው እንዲቆይ ማድረግን ነው። ለጉዳዩ መመልከቻ የተመረጠው ቦታ ደግሞ ፓዌ ነው።

ፓዌ በበለስ ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግሥት ከወሎና ከሌሎችም ክፍላተ ሀገር የመጡ ሰፋሪዎች ኑሮ የጀመሩበት ሜዳ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የጣና ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ አቋርጦ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን ጣቢያ አንቀሳቅሶ ወደ በለስ ይወርዳል። በዚህ ሀገር አንድ የሳይንስ መምህር የውኃ ውስጥ ዕፀዋትንና ጥቂት የቆሮሶ ጫጩቶችን በ100 ሊትር የመስታወት ገንዳ ይዞ፣ ቅጠል እንዴት ከብርሃን ምግብ እንደሚሠራ ለተማሪዎቹ ለማሳየት ቢነሣ ምን ይገጥመዋል? ብርሃን ሞልቷል፤ ሙቀትም ሞልቷል። የሚጎድለው ካርቦን ነው።

ለዚህ ጉድለት ሁለት ምክንያቶች አሉ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ውኃ የሚይዘው የጋዝ መጠን ጋዙ በላዩ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር ይመጣጠናል። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በፓዌ ከአየር ጋር ተመዛዝኖ የቆመ አንድ ሊትር ውኃ ግማሽ ሚሊግራም እንኳ አይዝም። በፍጥነት እንዲያድጉ ለሚፈለጉ ዕፀዋት ግን ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ይመከራል። ሁለተኛው ምክንያት ጋዝ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ሁኔታ መሆኑ ነው። በቅጠሉ ዙሪያ የረጋ ስስ የውኃ ሽፋን ካለ፣ ቅጠሉ በጋዝ መካከል ቆሞ ይራባል።

የፓዌ ሙቀት ችግሩን ያብሰዋል። ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ አትሞስፌር ግፊት ሲነካው አንድ ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ 1.7 ግራም ያህል ሲቀበል፣ በ30 ዲግሪ 1.25 ግራም ያህል ብቻ ይቀበላል። የፓዌ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 88 ከመቶ ያህል በመሆኑ ከዚህም ላይ ተቀናሽ አለ። ስለሆነም አንዱን ደጋ ከተማ የሚያጠግብ አሠራር በቆላ ይጎድላል።

ብዙዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ ጋዝ መጨመር ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በ100 ሊትር ውኃ ውስጥ በሊትር 20 ሚሊግራም ለማድረስ የሚያስፈልገው ጋዝ 2 ግራም ብቻ ነው፤ በፓዌ ግፊትና ሙቀት 1.3 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ከዚህ በላይ የሚላከው ሁሉ፣ ተመልሶ ከሚተነውና ዕፀዋቱ ከሚወስዱት ምትክ በቀር፣ ወደ ጣራ የሚሄድ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ጋዝ ተላከ ሳይሆን፣ አረፋው ከውኃው ጋር በስንት ስፋት ተገናኘ፣ ለስንት ጊዜስ ቆየ የሚለው ነው።

ስፋቱን እንውሰድ ቢባል፣ አራት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ አረፋ ወደ 0.4 ሚሊሜትር አረፋዎች ቢከፋፈል 1,000 አረፋዎች ይሆናል፤ ጠቅላላ ገጹም 10 እጥፍ ይሰፋል። ትልቁ አረፋ 40 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለውን ገንዳ በሁለት ሴኮንድ ገደማ አልፎ ሲፈነዳ፣ ትንሹ 10 ሴኮንድ ገደማ ይቆያል። ቀዳዳዎቹ እጅግ የደቀቁ የሸክላ ወይም የመስታወት ማጣሪያ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም በአረንጓዴ ዝቃጭ ይደፈናልና በየጊዜው መታጠብ ይሻል።

ከዚህ የሚበልጠው ዘዴ አረፋው እንዳይወጣ ማገድ ነው። ውኃው በቱቦ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ አረፋው ወደ ላይ ሊወጣ ይታገላል። የውኃው ፍጥነት ከአረፋው መውጫ ፍጥነት ጋር ሲስተካከል አረፋው ባለበት ይንሳፈፋል፣ እየሟሟም ያልቃል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሪቻርድ ስፒስ ኦክስጅንን ወደ ሐይቅና ወንዝ ውኃ ለማስገባት የነደፈው ሾጣጣ ዕቃ ይህንኑ ሐሳብ በብልሃት ይጠቀማል። ዕቃው ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ነው። ከላይ ውኃው ስለሚፈጥን አረፋው ሽቅብ አያመልጥም፤ ከታች ስለሚዘገይ ቁልቁል አይወሰድም። ያው ሐሳብ በትንሽ ፓምፕና በአንድ ክንድ የፕላስቲክ ቱቦ ለመምህሩ ገንዳ ይበቃል። የሚወጣው ውኃ ወደ ቅጠሎቹ ከተመራ ደግሞ በቅጠሉ ዙሪያ የረጋውን ሽፋን ያነሣል።

እዚህ ላይ በተለይ ሊጤን የሚገባ ነገር አለ። ጋዙን ከተደፋ ብርጭቆ ሥር አጠራቅሞ በቀስታ እንዲሟሟ መተው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሆኖም ብርጭቆው ከጥቂት ቀን በኋላ ጋዝ የሞላው እየመሰለ ሥራውን ያቆማል። ምክንያቱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ውኃው ሲወጣ፣ በውኃው የነበሩት ናይትሮጅንና ኦክስጅን በምትኩ ወደ ብርጭቆው ይገባሉ። በመጨረሻ የቀረው ተራ አየር ነው። ብርጭቆውን በየጊዜው አዘንብሎ አሮጌውን ጋዝ መልቀቅ ያስፈልጋል። በዝግ ቱቦም የሚጠራቀመው እንዲሁ መተንፈሻ ይሻል።

ጋዙ ከየት ይገኛል? ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 እ.ኤ.አ. በሊድስ ከተማ በሚፈላ የቢራ ጋን ላይ ውኃ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠ ጋዛማ ውኃ አዘጋጅቷል፤ በ1772 እ.ኤ.አ. አሠራሩን አሳትሟል። የጠላ ጥንስስ ሲፈላ ያየ ሁሉ ምንጩን ያውቀዋል። 100 ግራም ስኳር በእርሾ ሙሉ በሙሉ ቢፈላ 51 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። በፓዌ ሙቀት ግን እርሾው ተጣድፎ ይሠራና ቶሎ ይደክማል፤ ሲፈለግም አይዘጋም። በእርሾው ጠርሙስና በገንዳው መካከል ሌላ ባዶ ጠርሙስ ካልተደረገ አረፋውና ጥንስሱ ወደ ዓሣው ይወርዳል።

በብረት ሲሊንደር የሚመጣው ጋዝ ለመቆጣጠር ይመቻል፤ ለቆላ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ በላይ በምንም ግፊት ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም። በ20 ዲግሪ ከፈሳሹ ጋር ያለው ግፊት 57 ባር ያህል ሲሆን፣ በ30 ዲግሪ 72 ባር ያህል ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሲሊንደሩ የጠገበ ከሆነ ግፊቱ እጅግ በፍጥነት ይወጣል። በፓዌ የበጋ ማብቂያ ጥላ ሥር እንኳ 35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ስለሆነም ሲሊንደሩ እስከ አፉ መሞላት የለበትም፤ ከፀሐይ ራቅ ብሎ፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል፣ ከግድግዳ ጋር ታስሮ ይቁም። ነፋስ የሚያስፈልገው ጋዙ ከአየር ስለሚከብድና በዝግ ክፍል ወለል ላይ ስለሚተኛ ነው።

የሌሊቱ ጉዳይ ከሁሉ የከፋ ነው። ብርሃን ሲጠፋ ዕፀዋቱ ካርቦን መውሰዳቸውን ያቆማሉ፤ እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። በ30 ዲግሪ በፓዌ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 6.6 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ትርፍ የለውም። ሌሊቱን ጋዙ ሲገባ ያደረ እንደሆነ ንጋት ላይ ዓሣው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይገኛል። ጋዙ ብርሃን ከመብራቱ አንድ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ተከፍቶ፣ ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዘጋ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ ሲመረጥ ኃይል ሲቋረጥ የሚዘጋው ዐይነት ይሁን፤ ያለዚያ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ጋዙ ብቻውን መፍሰሱን ይቀጥላል። ሌሊት የውኃው ገጽ በአየር ፓምፕ ይናወጥ። ቀን ግን ከማጣሪያው የሚመለሰው ውኃ እንደ ፏፏቴ ከከፍታ አይውደቅ፤ ሙሉ ቀን የተደከመበትን ጋዝ ያባርራልና።

መለኪያው ርካሽ ነው። የካርቦኔት ጥንካሬው 4 የጀርመን ዲግሪ የሆነ ውኃ ብሮሞታይሞል ብሉ ተጨምሮበት፣ በአየር ክፍተት ከገንዳው ውኃ ተለይቶ በትንሽ የመስታወት ፍሬ ውስጥ ይሰቀላል። ጋዙ 30 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ የፈሳሹ ፒኤች ወደ 6.6 ወርዶ ቀለሙ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሰማያዊ ማነሱን፣ ቢጫ መብዛቱን ያሳያል። በፍሬው ውስጥ ያለው ፈሳሽ የገንዳው ውኃ መሆን የለበትም፤ በገንዳው ያለ ሌላ አሲድ ንባቡን ያሳስታልና። ቀለሙ የሚናገረው ደግሞ ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት የነበረውን ነው። ፈሳሹ ገና አረንጓዴ ሆኖ ዓሣው ከውኃው ገጽ ሥር ተሰብስቦ ክንጣጢው ሲጣደፍ ከታየ፣ ቀለሙ እስኪለወጥ አይጠበቅም፤ ጋዙ ወዲያው ተዘግቶ አየር ይገባል።