ከዐውደ ምሕረት ማዶ



በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥርጭቱን የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ፥ የምሥራቹን ቃል ከዐውደ ምሕረትና ከጸሎት ቤት ደጃፍ አሻግሮ፥ በአየር ሞገድ ወደ አፍሪካ፥ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ በልዩ ልዩ ልሳን ሲያደርስ፥ ከስብከቱ ጋር ዜናንና የጤናን ትምህርት አጣምሮ ማሰማቱ፥ ለእምነቱ የሚመሰክር ሰው አስቀድሞ የባልንጀራውን ችግር ሊያውቅ እንደሚገባው የተረዱ ሰዎች ሥራ ነበረ። ጣቢያውን በ1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ከዚያ እጅግ አስቀድሞም፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ፥ ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጦ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ አማርኛ መለሰ፤ በዚህም ግእዝ ለማይሰማው ምእመን ቃሉ በአፍ መፍቻው የሚደርስበት መንገድ ተከፈተ።

ዛሬ ደግሞ ቃሉ የሚሻገረው በስልክ ነው፤ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምታገለግል እኅታችን፥ ሥራዋን ፈጽማ በእኩለ ሌሊት ስልኳን ስትከፍት፥ ያች ትንሽ መስተዋት መቅደሷ ናት። እኔን የሚያሳዝነኝ (ይህንም በፍቅር እናገራለሁ) በዚያች መስተዋት የምንልክላት ቃል ብዙ ጊዜ የእርስ በርስ ክርክርና ዘለፋ መሆኑ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በአቴና አርዮስፋጎስ ቆሞ ሲናገር፥ የንግግሩን መነሻ ያገኘው በከተማይቱ ሲዘዋወር ከተመለከተው መሠዊያ ነበረ፤ አስቀድሞ አየ፥ ኋላ ተናገረ። ለእኅታችን የሚሰብክም ሰው፥ የምትተኛበትን ጠባብ ክፍል፥ የደመወዟን መዘግየትና የእናቷን ናፍቆት ዐውቆ አፉን ይከፍት ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ።